አሥር ሰው ገድዬ ወደ ሕክምናዬ እንድመለስ ስለታዘዝኩበት ጉዳይ

ለተከበራችሁ የኢንተርኔቱ የጠፈር ጨዋታ ሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊዎች፣

ይህ ደብዳቤ እናንተንም ቤተሰባችሁንም ኮምፒውተራችሁንም በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ፤ ብትታመሙ ላክማችሁ እንደማልችል፣ ፈቃዴን የነጠቃችሁኝ እናንተው ናችሁና፣ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

በእውነተኛው ዓለም መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ የምሞርድ፣ ደም ሳይ የምወድቅ ሴት ነኝ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ መርፌ ሲወጓት አይቼ ተዘረርኩና፣ ነርሷ እሷን ትታ እኔን ስታነሳ እናቴ “በሽተኛዋ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?” ማለቷ እስከ ዛሬ በቤታችን ይሳቅበታል። እናንተ በሠራችሁት ጠፈር ግን ደም የለም፤ ሰው ሲቆስል ቀይ መብራት ብልጭ ይላል እንጂ። እዚያ ቃሬዛ ይዤ የምከንፍ፣ ተጫዋቹ ሁሉ “ወጌሻ” የሚለኝ ሐኪም ነበርኩ። ስለዚህ ውለታችሁ አመሰግናለሁ፤ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ማለቁ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ቅሬታዎቼ በትሕትና የሚከተሉት ናቸው።

፩. ጅቦ የሚባለው ወንበዴ በሽተኞቼን ከነቃሬዛቸው ሲዘርፍብኝ ደጋግሜ አመልክቼ፣ “ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው” ብላችሁኛል። ስታዩት እንደቆያችሁ አልጠራጠርም፤ ዓይናችሁ ደክሞ ከሆነም ሱቃችን ብቅ በሉ።

፪. ይኸው ጅቦ አንድ ቀን ሞተሩ ፈንድቶ፣ አየሩ እያለቀበት፣ ከአንዲት ጭር ያለች ጨረቃ ላይ “ወጌሻ፣ በእናትሽ ድረሽልኝ!” ሲል ተጣራ። ባልደረቦቼ “ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል፣ ተይው” አሉኝ። ባለቤቴም ከኋላዬ ቆሞ “የእጁን ነው ያገኘው” አለ። ይሁን እንጂ በጨዋታችሁ የሞተ ሰው ያፈራውን ሁሉ አጥቶ እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ሆዴ አልችል ብሎ ሄድኩ። እውነትም እያጣጣረ ነበር። ቁስሉን አስሬ፣ አየር ሰጥቼው፣ መንኩራኩሬ ውስጥ ሳስገባው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስጣራ ያልመጡት ዘቦቻችሁ እንደ መብረቅ ደርሰው መንኩራኩሬን አጋዩት። እኛ በቃሬዛው ላይ ተንሳፍፈን ለጥቂት ተረፍን። ፍጥነታቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

፫. “ወንጀለኛ ስለረዳሽ ፈቃድሽ ተነጥቋል፤ እንዲመለስልሽ አሥር ወንበዴ መግደል ይጠበቅብሻል” የሚለው ውሳኔያችሁ ደረሰኝ። ሐኪም ሰው ገድላ ሐኪም የምትሆንበትን ይህን መላ እኔ አላዋቂዋ ብቻዬን አልደርስበትም ነበር።

ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሞከርኩ። ጅቦ ወሬውን ሰምቶ ጓደኞቹን አሰልፎ መጣና “እህቴ፣ ተኩሺብንና ቁጥርሽን ሙዪ” አለኝ። ያላቸውን ሁሉ እንደሚያጡ እያወቁ፣ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ቆሙ። አንዱን መታሁት። ቀዩ መብራት ብልጭ ሲል ሳላስበው ሮጬ በቀረኝ ፋሻ አሰርኩት፤ ዳነ፤ ቁጥሬም ዜሮ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ተራውን ሲጠብቅ ጅቦ በሳቅ ፈርሶ “አንቺ ለዚህ አልተፈጠርሽም፣ በይ ግቢ ወደ ቤትሽ” ብሎ አሰናበተኝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ሲወድቅ ሳልወድቅ የምቆምበት ሌላ ቦታ የለኝምና።

ስለዚህ ፈቃዴ እንዲመለስልኝ እለምናለሁ። ካልሆነም “ሐኪም የቁስለኛውን ጠባይ ሳታጣራ ቁስሉን አትንካ” የሚል ማስታወቂያ በራችሁ ላይ ለጥፉልን፤ ቆስለን የምንመጣ ሁሉ ምስክሮቻችንን ይዘን እንድንመጣ።

የጥበባችሁን ጥልቀት ለመለካት ገመድ ያጠራት፣ ሰው መግደል ያቃታት ታዛዣችሁ፣
የቀድሞዋ ወጌሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ የክፍላችሁ ዋና ኃላፊ መንኩራኩር ከድንጋይ ጋር ተላትማ አየር እያለቀባቸው መሆኑን በሬዲዮ ሰማሁ። ያለ ፈቃድ ማከም ክልክል ስለሆነ ደንባችሁን አክብሬ ተቀምጫለሁ። በአቅራቢያቸው ያለው ጅቦ ብቻ ነው፤ ፋሻ አስተሳሰሩን በሬዲዮ እየነገርኩት በመንገድ ላይ ነው። ዘቦቻችሁን አደራ፣ እንደ ወትሯቸው ይዘግዩልን።