በሻይ ኩባያ የተቀዳው

የምትናፍቂኝ እታለም ማናህሎሽ፣ ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ በጤና ያግኝሽ። እዚህ ጁባ የነጻነቱ ሬፈረንደም ካለፈ ወዲህ ገበያው ሞቅ ብሏል፤ ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለው ቡና ቤታችንም ደህና ይሠራል።

ባለፈው ባለቤቴን ጫኔን ሆዱን እስከ ጀርባው ሰቅዞ ሲያስመልሰው፣ ሐኪሙ «ቆሽትህን ያቆሰለው መጠጥ ነው፤ ከደገምክ ኩላሊትህም ሳንባህም ይያዛል» አለው። ጫኔ ዳግም እንዳይጠጣ በማርያም ስም ማለልኝ።

ትናንት ሕመሙ ተመለሰበት። የሻይ ኩባያውን ባሸተው አረቄ ነው። የሚቀዳለት ደግሞ የገዛ ወንድማችን ሽመክት!

«ለምኖኝ ነው» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

እኔ ሞኟ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሻይ ወደደልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለቱንም አኩርፌአለሁ። ጫኔን ግን ደግፌ የማስነሣው እኔው ነኝ።

ልጆቼ የአባታቸውን ነገር እያዩ ከሚያድጉ፣ ትምህርታቸውን አንቺ ዘንድ ቢቀጥሉ ምን ይመስልሻል? ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ።

እህትሽ በዛብሽ