ቴቴ ኤሪና ለስሜ የሰጡት መልስ

ውድ እማዬ፣

ልጄ ሴት እንደሆነች፣ ደህና እንደሆነች፣ ጡት አያያዟም አያድርስ እንደሆነ በስልክ ነግሬሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። በስልክ ብነግርሽ የአባቴን እህት የቴቴ ኤሪናን ስም ገና ስትሰሚ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይዘጋም። የአውቶቡሱ ሹፌር ሞዮ ከላኩልሽ ብርድ ልብስ ጋር አገር ቤት፣ ጉቱ ድረስ ያመጣልሻልና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ጆሃንስበርግ ስመጣ ስሜን ደበቅኩ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ "ግሬስ እባላለሁ" ብዬ ተቀጠርኩ። ምን ላድርግ? ደንበኛዋ ሹሩባ ልትሠራ ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስሜ ሙቻኔታ ነው፣ ትርጉሙም "ይደክማችኋል" ነው ልበላት? አብረውኝ የሚሠሩት የአገራችን ልጆች ግን መች ይምሩኛል! "ግሬስዬ፣ ለሴትዮዋ እውነቱን ንገሪያት እንጂ!" እያሉ በቋንቋችን በሾና ሲያሽካኩብኝ ይውላሉ።

ታሪኩን ግን አልረሳሁም። ሰባት ዓመት ሳትወልጂ ስትቆዪ፣ ቴቴ ኤሪና "ወንድሜ የጥሎሽ ከብቶቹን በከንቱ ሰጠ፣ ወደ ቤቷ ትመለስ" ብለው መንደሩን አዳረሱት። እኔ ስወለድ ስም አወጣሽልኝ፤ ብታሙኝ ብታሙኝ ይደክማችኋል ማለትሽ ነበር። ገና መቀመጥ ሳልችል፣ እሳቸው በደጃችን ባለፉ ቁጥር "ሙቻኔታ! ነይ ገንፎ ብዪ!" እያልሽ ትጮሂ ነበር አሉ። ወይ አንቺ! ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳትነጋገሩ።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ቴቴ ኤሪና! የደረቀ ጎመንና የለውዝ ቅቤ ተሸክመው፣ ከፕሪቶሪያ በሁለት ታክሲ መጥተዋል። ክው አልኩ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ተንበርክከው፣ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው በአክብሮት አጨበጨቡልኝ። ለእኔ፣ ለወንድማቸው ልጅ! ከዚያ ሕፃኗን ታቀፏት።

"ስሟ ማነው?"

"ገና ነው፣ ቴቴ። የባሌ ወገኖች ስም ማውጣቱን ለእኛ ትተውልናል። እማዬ ታወጣላታለች ብዬ..."

"እናትሽማ ያንቺን ስም አውጥታ ግንባሬ ላይ ለጠፈችው" አሉ። "ጎረቤት ሲጠራሽ የምሰደበው እኔ። አስተማሪሽ ሲጠራሽ እኔ። ቄሱ ሲያጠምቁሽ እንኳ በቤተ ክርስቲያን ፊት ተሰደብኩ!"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፣ ሳቁና ማልቀስ ጀመሩ።

"ስም የሚመለሰው በስም ነው። እኔ ግን አንድም ልጅ አልወለድኩ። እናትሽን ያማሁበት ነገር ዞሮ እኔው ላይ ደረሰ። በምን አፌ፣ በማን ስም ልመልስላት? እስቲ ይቺን ስጪኝ። ንዳኔታ በያት።"

ንዳኔታ! "ደከመኝ"! ባሌ ፋራይ ከወጥ ቤት "ኧረ ልጄ ገና ሳትድህ ደከማት እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"አንተ አማች፣ ዝም በል! የደከመኝ እኔ ነኝ!" አሉት።

እማዬ፣ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሰኞ ፀጉር ቤት ብቅ ብዬ የልጄን ወሬ ሳወራ እውነተኛ ስሜንም ከነትርጉሙ ለደንበኞቹ ነገርኳቸው። ወንበር ላይ የነበረችው ደንበኛ "ቢደክመኝም ሳላምር አልነሳም" አለችኝ። ስሜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የልደት ወረቀቱን ግን አልሞላሁም። ፋራይ ተስማምቷል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ካልተቀበልሽው ቴቴ መልስ ሰጡ አይባልም፤ ልጄም በሁለታችሁ ኩርፊያ ላይ ሌላ ኩርፊያ ተሸክማ እንድታድግ አልፈልግም። እስከሚቀጥለው ዓርብ እጠብቅሻለሁ። የቴቴን ስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

ይህን ስጽፍ ቴቴ ሕፃኗን አቅፈው መስኮቱ ጋ ቆመዋል፣ ፊታቸውን ወደ ሰሜን፣ ወደ እናንተ አዙረው። ጥርስ ያላወጣችውን ልጅ "ንዳኔታ! ነይ ገንፎ ብዪ!" እያሉ በኃይል ይጣራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያቸዋል።

አንቺን ነው የሚጠሩት፣ እማዬ። አቤት በያቸው።

ፀጉር ቤትም ጭምር ሙቻኔታ የሆነችው
ልጅሽ