በለቅሶዬ የጠበቃ ድንኳን እንዳይተከል

እሑድ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አራት ሰዓት፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከመኖሪያ ቤቴ።

የጧት ቆጠራ፦ በግቢው አጠና ሦስት መቶ አርባ፣ ቆርቆሮ ስልሳ ሁለት፣ ያገለገለ በር አሥራ አንድ። ሳሎን ውስጥ ምስክር አራት፣ ጸሐፊ አንዲት፣ ወራሽ ሁለት። ስልክ የእኔን ጨምሮ ስምንት፤ ሁሉም ጠፍተው ሰፌድ ላይ ተቀምጠዋል።

እኔ ወይዘሮ ተናኘ ወልደጊዮርጊስ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት ነው። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። የሚጠራጠር ካለ ወደ ግቢ ወጥቶ ከላይ ያለውን ይቁጠር። ይህ ኑዛዜዬ ነው። ያስገደደኝም የለመነኝም የለም። የምናገረውን ወይዘሪት ሄርሜላ ትጽፋለች፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ለእርሷም ሆነ ለምስክሮቼ ከንብረቴ ምንም አልተናዘዝኩም።

ከሁሉ በፊት፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጋየሁና ባልደረቦቹ የጥብቅና ቢሮ የተጻፈውን ኑዛዜ ሽሬዋለሁ። ምክንያቴን እናገራለሁ፤ ሳይነገር የቀረ ምክንያት ለጠበቃ እንጀራ ነውና።

ይህ ቢሮ ዋናው ጀሞ ነው፤ ሻሸመኔና ሆሳዕናም ቅርንጫፍ አለው። «ተሸንፎ አያውቅም» ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት ለዕድራችን ሁለት ድንኳን በነፃ ሰጠ። በድንኳኖቹ ጎንና ጎን በትልቁ ተጽፏል፦ ውርስ፣ ፍቺ፣ የይዞታ ክርክር፣ የንግድ ውል፣ የሠራተኛ ጉዳይ። ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጠው» አለ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በነፃ የተሰጠ ነገር ሳይ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እጠይቃለሁ።

የዕድራችን ሊቀመንበርና የዛሬው ምስክሬ አቶ ኢፋ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። ሄርሜላን «ጻፊው» አልኳት።

«እትዬ ተናኘ፣ ድንኳኑ ደግሞ ምን አደረገሽ? የድሮው እኮ ያፈስ ነበር።»

«ያፈስ ነበር። ስልክ ቁጥር ግን አልነበረውም።»

ወይዘሮ ዚነት ሳቀች። እርሷም ምስክሬ ናት፤ ከግቢዬ ፊት ለፊት በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አቶ ኢፋ አልሳቀም። ድንኳኑን የተቀበለ እርሱ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ጎረቤታችን ጸሐይወርቅ ስትሞት ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ሠልስት ሳይወጣ ለታላቁ የቢሮው ካርድ ደረሰው። ለታናሹም በዚያው ቢሮ ሰው ጥቆማ ሌላ ጠበቃ ተገኘለት። ሁለት ዓመት ተካሰሱ። ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ታላቁ አሸነፈ ተባለ፤ ዛሬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ይኖራል፤ ወንድሙን በዓል ሲሆን እንኳ አይጠይቀውም። በመዝገቡ ላይ ግን ያሸነፈው ቢሮው ነው።

ሐቁን አልደብቅም። የሻሸመኔው እንጨት አቅራቢ ውል ሲያፈርስብኝ መብቴን ያስከበረልኝ ይኸው ቢሮ ነው። መከራከር ያውቃሉ። የምጠረጥራቸውም በዚሁ ነው፤ በክርክር የሚኖር ሰው ክርክር ሲያልቅ ደስ አይለውም።

በሰኔ ኑዛዜዬ ሲነበብ ቢሮው ውስጥ የነበሩት ምስክሮች ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁለቱ ንባቡ ካለቀ በኋላ ከኮሪደር ተጠርተው ገቡና ፈረሙ። አንደኛው የፎቶ ኮፒው ሠራተኛ ነው፤ የሌላ ሰው ወረቀት እንደያዘ ነው የፈረመው። «እነዚህ እኮ አልሰሙም» ስል ጠበቃው «ለሥነ ሥርዓት ያህል ነው እማማ፣ አይጨነቁ» አለኝ። እኔም ፈረምኩ። አጠና ስገዛ ከክምሩ ሥር አንድ ሳልመዝዝ አልገዛም፤ ያን ቀን ግን የላዩን አይቼ ተቀበልኩ። ስህተቱ የእኔ ነው። በኋላ ዚነት ነገረችኝ፤ የአክስቷን ኑዛዜ «ምስክሮቹ ሲነበብ አልነበሩም» ብሎ ፍርድ ቤት ውድቅ አድርጎታል።

ቢሮው አውቆ አድርጎት ይሁን በቸልታ አላውቅም። ቀዳዳ ቆርቆሮ የሸጠልኝ ሰው «ቀዳዳውን አላየሁም» ቢለኝ ግን አላምነውም።

የሰኔው ወረቀት ቢወድቅ የምትጎዳው አንዲት ሰው ናት። ኤልያቄም የማህፀኔ ልጅ ነው። ቤተልሄም የባሌ ልጅ ናት። በሰባት ዓመቷ እናቷ ስትሞትባት ወደዚህ ቤት መጣች፤ እኔ እርሷ መኖሯን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ባሌን እስኪሞት ድረስ ይቅር አላልኩትም። እርሷ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእኔ ጋር ግቢውን ከፍታ ዘግታለች። እስከ ዛሬ «እትዬ» ነው የምትለኝ። ኑዛዜ ከሌለ ሕግ የሚያውቀው ኤልያቄምን ብቻ ነው።

ስለዚህ በአራት ምስክር ፊት ጠየቅሁት።

«ኤልያቄም፣ ወጋየሁ ቢሮ ሄደሃል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሄደሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ለመጠየቅ ብቻ ነው እማዬ። ራሳቸው ናቸው የደወሉልኝ።»

«ምን አሉህ?»

ወለሉን እያየ «የእንጀራ ልጅ በሕግ አትወርስም አሉኝ። የሰኔው ወረቀትም ክፍተት አለው አሉ» አለ።

«ክፍተቱን ማን እንደተወውስ ነገሩህ?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ሦስተኛው ምስክሬ፣ የአይሱዙ ሹፌሩ አቶ ዱጉማ፣ መታገሥ አልቻለም። «አንተ ኤሊ፣ መኪናዬ ላይ ቆርቆሮ ስንጭን ከታች የሚያቀብልህ ማን ነው? ጠበቃው ነው?»

ቤተልሄም ተነሣች። «እትዬ፣ በእኔ የተነሳ አትጣሉ። ይቅርብኝ።»

«ተቀመጪ። ሲነበብ ያልነበረ ሰው ነው ያበላሸብን፤ ዛሬ ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም።»

ተቀመጠች። እኔም የሚከተለውን ተናዘዝኩ።

የባሌ የእጅ ሰዓት ለቤተልሄም ነው። የአባቷ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጬባታለሁ። ይህን ሳስጽፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ይጻፍ።

የምኖርበት ቤት ከነዕቃው ለኤልያቄም ነው። ተወልዶ ያደገበት ነው፤ ምክንያት አያሻውም።

የአጠናና የቆርቆሮ መሸጫው ግቢ፣ በስሜ የተመዘገበው ይዞታ ላይ ያለው ግንባታና ሸቀጡ በሙሉ፣ ለሁለቱም እኩል ነው። ወሰኑን እኔው ልናገር አስቤ ነበር፤ አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ኤልያቄም ግቢውን ለሁለት ይክፈለው፤ ቤተልሄም ቀድማ ትምረጥ።

«ጥሩውን ብትወስድብኝስ?» አለ ኤልያቄም።

«እንግዲያው ሁለቱንም ጥሩ አድርገህ ክፈል። ጠበቃ ያማከረ ሰው መክፈል አይከብደውም።»

«ዋናው በር እኮ አንድ ነው እማዬ። መንገድ ዳር ያለው።»

«እሱን አስብበት።»

በጣቱ ጉልበቱ ላይ መስመር ሲያሰምር አየሁት። በመጨረሻ ወደ ቤተልሄም ዞሮ «በሩን የጋራ እናድርገው? መለያ ግድግዳውን ከግቢው መሀል ባስጀምረው አንቺ አይሱዙ ማስገባት ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ካልጠበበ ይገባል» አለች።

ጠበቃ ሳይሆን እርሷን ሲያማክር ያየሁት ዛሬ ነው። አሁንም በሙሉ ልቤ አላመንኩትም። ስለዚህ ክፍፍሉ ከሞቴ በኋላ ሳይሆን ዐይኔ እያየ ይፈጸማል።

ኑዛዜዬን የሚያስፈጽሙት ሁለቱ ልጆቼ በአንድነት ናቸው፤ ምንም ዓይነት ቢሮ አይደለም። በለቅሶዬ የጠበቃ ስም ያለበት ድንኳን አይተከል። ለዕድሩ አንዳች ያልተጻፈበት አዲስ ሸራ ዛሬ በሕይወቴ ሰጥቻለሁ፤ አቶ ኢፋም «ይሁን፣ እንቀበላለን» ብሏል።

ይህ ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእኔና ለአራቱ ምስክሮች በአንድነት ጮክ ተብሎ ተነቧል። ሲነበብ የወጣም ዘግይቶ የገባም የለም። ወዲያውም በዛሬው ቀን ፈርመናል።

ተናዛዥ፦ ተናኘ ወልደጊዮርጊስ (ፊርማና የጣት አሻራ)
ምስክሮች፦ ኢፋ (ፊርማ)፤ ዚነት (ፊርማ)፤ ዱጉማ (ፊርማ)፤ መምህር ምትኩ (ፊርማ፤ ንባቡን አንድ ጊዜ ድገሙልኝ ያሉ እርሳቸው ናቸው)
ጸሐፊ፦ ሄርሜላ (ፊርማ)

የነገ ሥራ፣ ሰኞ፦ ጧት ሁለት ሰዓት ኤልያቄም ሜትርና አንድ ከረጢት ኖራ ይዞ ግቢውን ያሰምራል። ቤተልሄም ከመምረጧ በፊት ሁለቱንም ወገን በእግሯ ትዞራለች። እኔ ወንበር ይዤ እገኛለሁ።