አስራ አንድ ፊርማ ለሚስ ሲና

ሐሙስ

አራት ድምፅ። ሚስ ሲና ለከተማው ምክር ቤት በተወዳደረችበት ምርጫ በአራት ድምፅ ብቻ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ቆጠራው ገና አላለቀም። ይህንኑ ሳስብ ከቴሜስካል ሰፈር በታክሲዬ ያሳፈርኩትን ሰውዬ ይዤ መታጠፊያውን አልፌው ሄድኩ። ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ምን ደህንነት አለ ዛሬ።

ያቺ ሳሞአዊት አስተማሪ ናት እኮ። ልጄን ሐናዬን ማንበብ ያስተማረች፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ እኔን እንግሊዝኛ ያስተማረች። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ የልጆች ማቋረጫ መብራት ይተከል ብላ ሦስት ዓመት ለመነች፣ የሰማት የለም። "እንግዲያው እኔው ልግባ" ብላ ተነሳች። የቅስቀሳ ስብሰባዋም ያው እንደ ክፍል ነው። እጁን ሳያወጣ የሚናገር የለም። ለሷ ብሎ የሰው በር ላንኳኳ ደግሞ ደረቱ ላይ የኮከብ ስቲከር ትለጥፍለታለች። እኔ ሰባት አለኝ። የሐበሻ መራጮች አስተባባሪም ነኝ፤ ሹመቱን ለራሴ የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

ዓርብ

ጉድ ፈላ። ጎረቤቴ እማማ ዘነበች ደወሉ። "ልጄ፣ ከምርጫ ቢሮ ሌተር መጣብኝ። ምን አጠፋሁ?" ሄጄ አነበብኩላቸው። ድምፅ የሰጡበት ፖስታ ላይ ያለው ፊርማ ሲመዘገቡ ከፈረሙት ጋር አይመሳሰልም። እስከ ሰኞ ፎርም ፈርመው ካልመለሱ ድምፃቸው አይቆጠርም።

ጥፋቱ የኔ ነው። እማማና ሌሎቹ አዛውንቶች ሲመዘገቡ ሚስ ሲና "እንደለመዳችሁት፣ በራሳችሁ ፊደል ፈርሙ" ብላቸው ነበር፤ በአማርኛ ፈረሙ። የድምፅ መስጫው ፖስታ በየቤታችን ሲመጣ ግን እኔ፣ አስተባባሪው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቤ "እንዳይንቁን በእንግሊዝኛ ይሁን" አልኳቸው። ምሳሌ እንዲሆን መጀመሪያ የራሴን ፈረምኩ። አስራ አንድ አዛውንት እኔን እያዩ የማያውቁትን ፊደል ሳሉ። አሁን ለአስራ አንዱም ያው ሌተር ደርሷቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

እማማ ዘነበች ፎርሙን እምቢ አሉ። አገር ቤት በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ፊርማ ሰው ሲያሳስር አይተዋል።

ለሚስ ሲና ደውዬ ተናዘዝኩ። "ስህተቱን አገኘኸው፣ ጎበዝ። አሁን አርመው" አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ሥራ የለም። የያዝኩት፦ ፎርሞች፣ አራት እስክሪብቶ፣ ሐና (ኮሌጅ የላትም ዛሬ)፣ እማማ ዘነበች በግድ ያስያዙኝ ዳቦ።

እስከ ምሳ ስድስት ሰው ፈረመ። ሰባተኛው፣ ጋሽ ተሾመ፣ ልጃቸው ጋ ሳን ሆዜ ሄደዋል፤ ተከተልናቸው። "አንዴ በዚህ ፈርም፣ አንዴ በዚያ ፈርም። መጫወቻህ ነኝ?" አሉኝ። ሐና "ጋሽዬ፣ ሂ ሜድ ኤ ሚስቴክ፣ ፕሊስ" ብላ ለስህተቴ ይቅርታ ስትለምንልኝ ሳቁና ፈረሙ። ደግሞ "ለማን እንደመረጥኩ ግን አልነግርህም" አሉኝ። ሰባት።

ስንመለስ ሐና ፎርሞቹ ላይ ያሉትን የአማርኛ ፊርማዎች እያገላበጠች "ዳድ፣ ዴይ አር ቢውቲፉል" አለች። እውነቷን ነው፣ ያምራሉ። እነዚህን ነው እንግዲህ እኔ ያፈርኩባቸው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሦስት። አስር ሆነ። የቀሩት እማማ ዘነበች ብቻ ናቸው።

ሚስ ሲና ራሷ አዳራሹ ድረስ መጣች። ስለ ድምፁ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አጠገባቸው ተቀምጣ ስማቸው በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። እማማ ጻፉላት። ገለበጠች። አረሟት። እንደገና ገለበጠች። "ጎበዝ ናት፣ እጇ ግን ይቸኩላል፤ ንገራት" አሉኝ። ነገርኳት፤ እንደ ተማሪ አንገቷን ደፋች። ከዚያ እማማ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ "በል ያንን ፎርምህን አምጣ" አሉ። ከአዳራሹ ወጥቼ መኪናዬን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሰኞ

አስራ አንዱንም አስረከብኩ። ሁለቴ ቆጠርኳቸው። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፣ ደስ የሚል ጭንቀት።

ማክሰኞ

አሸነፈች። በአምስት ድምፅ።

በአራት ወደ ኋላ ነበረች፤ አስራ አንድ ሲጨመር በሰባት ማሸነፍ ነበረባት። ከአስራ አንዱ አንዱ ለተፎካካሪዋ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ጋሽ ተሾመን ጠረጠርኳቸው። ይሁን፣ መብታቸው ነው። ሐና ከኮሌጅ ደውላ ጮኸች፤ እኔም መንገድ ዳር አቁሜ ብቻዬን ጮህኩ።

ቤት ስገባ በደስታ ጠረጴዛውን ላጸዳ ተነሳሁ። ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያዎች ሥር ያው ሌተር ተቀምጧል። ስሙ የኔ ነው። የመመለሻው ቀን ትናንት አልፏል። ለካ እኔም ስመዘገብ በአማርኛ ነበር የፈረምኩት። የሰው ሁሉ ድምፅ ሲቆጠር የአስተባባሪው ቀረ።

ለሚስ ሲና ደወልኩ። ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። ከዚያ በክፍል ድምፅዋ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ ስምህን በራስህ ፊደል፣ አስር ጊዜ፣ ነገ አየዋለሁ።

ስምንተኛው ላይ ነኝ።