የወንዝ ዳር ቤቶቻችንን ስላፈኑልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቤቶች ሙቀት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም ደረታችሁ ጠርቶ፣ ጉልበታችሁ ጸንቶ፣ አልጋ ልብሳችሁም ደርቆ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት በደብዳቤ መግቢያ ላይ ያልተለመደ መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን በወንዙ ዳር ለምንኖር ሰዎች፣ ካለፈው የዝናብ ወቅት ወዲህ ለወዳጅ ከምንመኛቸው በረከቶች ሁሉ ትልቁ እርሱ ሆኖብናል።

በፍርድ ወንበር ላይ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው እንደመሆኔ፣ የሕዝብ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድና ምስጋናው ምን ያህል እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ስለዚህም ከወቀሳ በፊት ምስጋና ይቅደም። ጽሕፈት ቤትዎ የሰፈራችንን አሮጌ ቤቶችና የንግድ ሕንፃዎች ከሐሩርና ከብርድ ሊጠብቅ ሽፋን ይዞ ሲመጣ፣ በኮርኒሳችን ላይ ያነጠፈው ወፍራም ንጣፍ በእውነት ጠቅሞናል። ከቆርቆሮው ሥር እንደ ዳቦ መብሰላችን ቀርቷል። ይህን የምለው ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው፤ ሥራው እዚያው ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮም ይህ ደብዳቤ በዚህ አንቀጽ ያበቃ ነበር። ዳሩ ግን ቸርነትዎ ከኮርኒሱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳውም ወደ ወለሉ ወረደ።

እንግዲህ ምስጋናችንን በየተራው እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሻማው። ሠራተኞችዎ በየቤቱ እየገቡ የበራ ሻማ በግድግዳውና በወለሉ ዙሪያ ሲያዞሩ፣ ነበልባሉ ባዘነበለበት ቦታ ሁሉም ምልክት እያደረጉ ሲደፍኑ በአድናቆት ተመልክተናል፤ ሰፈሩም ወዲያው «ባለሻማዎቹ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ዘዴው የተቀዳው ብርዱ ደረቅ ከሆነ አገር እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ በዚያ፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ሙቀት የሚያመልጥበት በር ነው። የእኛ አያቶች ግን ከጣውላው ወለል ሥር፣ በግድግዳው ግርጌ፣ እጅ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎችን የተዉት ድንጋይ አልቆባቸው አልነበረም። ከወንዙ በአፈሩ ውስጥ እየሳበ የሚመጣው ርጥበት ወለሉን ሳያገኘው በነፋስ ተጠርጎ እንዲወጣ ነበር። ሻማው እንደሚገባው ከሁሉ ይልቅ እዚያ አዘነበለ፤ ሠራተኞችዎም እንደታዘዙት ከሁሉ አስቀድመው እዚያ ደፈኑ። «ከራስ በላይ ነፋስ» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ከወለል በታችም ነፋስ እንደሚያስፈልግ ግን በጊዜው ሳንነግርዎ በመቅረታችን ይቅርታ መጠየቅ ይገባን ነበር፣ የራስዎ መሐንዲስ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቆማ ባትነግርዎ ኖሮ። መሐንዲሷ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ የመናፈሻ አጥር እንድትቆጣጠር መመደቧን ሰምቻለሁ፤ አጥሩ በመልካም እጅ ላይ በመውደቁ ደስ ብሎኛል።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ በግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ፎም ተለጠፈ፣ በፎሙ ላይ ላስቲክ ተወጠረ፣ በውጭ በኩል ደግሞ የኖራው ልስን ተፍቆ በሲሚንቶ ተተካ። የኖራ ግድግዳ ዝናብ ቢጠጣም ፀሐይ ስትወጣ የጠጣውን የመመለስ ጨዋነት ነበረው። አሁን ግን የላስቲክ ካፖርት ደርቦ በሐሩር እንደቆመ ሰው፣ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም መተንፈስ ተከልክሎ በገዛ ላቡ ይርሳል። ድሮም ወንዙ በጉሙ ይጎበኘናል፤ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» የተባለው ስለ እኛ ሰፈር ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ንግድ ሕንፃዎቹ። ከድልድዩ አጠገብ ያለውን አሮጌ የእህል መጋዘን ያውቁታል፤ የሽፋኑ ሥራ ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎት። ከጣሪያው ሥር የነበሩት የነፋስ መስኮቶች ጥጥ በመሰለ ሽፋን ተጠቅጥቀው ተዘጉ። ሽፋኑ የወንዙን ጉም እየጠጣ ከበደ፤ በመጨረሻም እንደ ረጠበ ፍራሽ በጆንያዎቹ ላይ ወደቀ። ባለመጋዘኑ አንዱን ጆንያ ፈትቶ አረንጓዴ ቡቃያ ቢያገኝ፣ «እኔ ነጋዴ ነኝ ስል ገበሬ አደረጉኝ! በሬዎቹንስ መቼ ነው የሚልኩልኝ?» ብሎ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ አሳቀ። እርሱም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ግን በመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁላችንም ከተበተንን በኋላ እንኳ ቡቃያውን በጣቱ ሲያሽ ቆየ።

ሦስተኛ፣ ስለ ትንፋሻችን። እዚህ ላይ ከግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰነውን ጎረቤቶቼን ላስተዋውቅዎ ግድ ይለኛል። እርሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የሥራ ቦታዋ፣ የኋለኛው መኝታ ቤታቸው ነው። ባሏ ዕድሜውን በወንዙ ላይ የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ዛሬ ደረቱ የደከመ ሰው ነው። ቤታቸው ከለበሰ ወዲህ ሻጋታው ከወለሉ ተነስቶ በላስቲኩ ሥር እየተሳበ ከአልጋቸው ራስጌ ደርሷል። የተሰቀሉ ልብሶችንም አልማረም፤ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች አንዲት ሙሽራ ጥቋቁሩን ነጠብጣብ አይታ፣ «እትዬ፣ እኔ ያዘዝኩት ነጭ ነው፤ ይሄ እኮ ነብር ነው!» ማለቷን ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ነገረችኝ። ሳቋ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም፤ ሙሽራዋ የሄደችው ወደ ሌላ ሰፊ ነበርና።

አቤት ስንል ጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ ላከልን፤ ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ሻጋታውን ተመለከተና፣ ርጥበቱ የሚመነጨው ከነዋሪዎቹ መሆኑን በጨዋ ቃል አስረዳን። ይተነፍሳሉ፣ ያበስላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ይልቁንም ሁለት ሆነው በአንድ ክፍል ይተኛሉ። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጠው። «ልጄ፣ በጉብዝናችን ያላረጠብነውን ቤት በእርጅናችን አረጠባችሁት ነው የምትለን? እባክህ ለሰው እንዳትነግር፣ ያሙናል» አለው። ሚስቱም፣ «አንተ ደግሞ፣ እንግዳ ፊት!» ብላ በመለኪያ ሜትሯ ትከሻውን ቸብ አደረገችው። ሳቁን ሳይጨርስ ግን ሳሉ ቀደመው፤ የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ጨብጦ ጎንበስ እንዳለ፣ እኛ ሦስታችን ምን እንደምናደርግ ጠፍቶን ቆመን ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅን። ተቆጣጣሪውም የሳሉን ነገር ትቶ፣ ነዋሪዎቹ መስኮት የመክፈት ልማድ እንደሌላቸው መዘገበ። መስኮቱ በሠራተኞችዎ ማጣበቂያ ዙሪያውን የታሸገ መሆኑን ላመለክተው ብሞክርም፣ እርሱ የሌላ ክፍል ሥራ እንደሆነ ገለጸልኝ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይህ ነው እንዳልል፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ አክብሮት ይይዘኛል። ይልቅስ ምክርዎን በሥራ ለማዋል በተራ እንተንፍስ ብለን መመካከራችንን ልግለጽልዎ፤ ምክክሩ የፈረሰው ማን መጀመሪያ ያቁም በሚለው ላይ መስማማት ስላቃተን ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ከዚህ በፊት የዘረዘርኩትን ሁሉ ተራ ነገር የሚያደርገው፣ ባለፈው ሳምንት በልብስ ሰፊዋ በር ላይ የተለጠፈው ትእዛዝዎ ነው። ቤቱ በነዋሪዎቹ የአያያዝ ጉድለት ለመኖሪያ ብቁ ስላልሆነ፣ ዝናቡ ሳይገባ እንዲለቁና ቤቱ እንዲፈርስ፣ እስከዚያም ሽፋኑን ማንም እንዳይነካው ያዛል። በምትኩ የተሰጣቸው ክፍል በከተማው ዳርቻ፣ አሳንሰር በሌለው ፎቅ አናት ላይ ነው፤ የስፌት መኪና ድምፅም በዚያ ክልክል ነው። እዚህ ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ ሁለቴ የሚያርፍ ሰው ያንን ደረጃ አንድ ጊዜ ቢወጣው ዳግመኛ እንደማይወርድ፣ ሚስቱም ደንበኞቿን ትታ በምን እጅዋ እንደምታስታምመው፣ ትእዛዙን የፈረሙት ሰው ሳያስቡበት ቀርተው ይሆናል ብዬ ማመንን መርጫለሁ። አስበውበት ከሆነ ግን የማመንበት ነገር ይጠፋኛል።

ትእዛዙን ሳነብላት ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ስፌት ነው። ልብስ ከጠበበ ይተረተራል እንጂ ሰውዬው ይጣላል እንዴ?» አለችኝ። ብዙ ጠበቆች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ባጭሩ የጨረሰ ግን አላስታውስም።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ልመናችን ከእርሷ ቃል አያልፍም። ትእዛዙ ይታገድልን። የደፈኑት እጆች ተመልሰው የወለሉን ቀዳዳዎች ይክፈቱልን፤ ላስቲኩ ይነሳ፣ ሲሚንቶው ይፈቅፈቅ፣ ግድግዳው አንድ የበጋ ወቅት ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ዳግም ሊያለብሱት ቢወዱ፣ በመጀመሪያ የጣሪያውን ፍሳሽና አሸንዳውን አስተካክለው፣ እንፋሎት የሚያሳልፍ ሽፋን መርጠው፣ በኖራ ለስነው ያልብሱት፤ እኛም መሰላል እንይዛለን። ይህን የምልዎ ከራሴ አፍልቄ አይደለም፤ መሐንዲስዎ በስብሰባው ላይ የተናገረችው ነው፤ እርሷንም ከአጥሩ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ቢያውሱን ውለታዎ አይረሳም።

እስከዚያው ድረስ፣ ስለ ሻማው፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ቡቃያው፣ ስለ ትንፋሽ ምክሩም ከነቤተሰቤ እጅ እነሳለሁ። ሥልጣንዎ እንደ ሥራዎ ሁሉ አየር የማያሳልፍ፣ ዕድሜዎም እንደ ሻጋታችን የማይነቀል እንዲሆን በመመኘት፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር ተሰናብቼዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ጡረተኛው ዳኛ፣
ከወንዙ ዳር፣ ግድግዳው ገና ካልለበሰው ቤት

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ከፈረምኩ በኋላ፣ ጧት ላይ ልብስ ሰፊዋ የባሏን መሮና መዶሻ ይዛ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ የገዛ ቤቴን አፍንጫ ለመክፈት ማንን ነው የማስፈቅደው?» አለችኝ። በትእዛዝዎ መሠረት ሽፋኑን መንካት ክልክል እንደሆነ ሕግ አዋቂነቴ እንደሚያስገድደኝ ነገርኳት። እርሷም፣ «እሺ፣ ነግረውኛል» ብላ አመስግናኝ ሄደች፤ ወዲያውም የመዶሻውን ድምፅ ሰማሁ። አላስቆምኳትም። ስትጨርስ ልይ ብዬ ብሄድ በወንዙ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ተከፍተዋል፤ ከውስጥ የወጣው ሽታ የረጠበና የከረመ ስለነበር ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ አልን። ሽማግሌው ግን ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግቶ ተቀምጧል። አሁንም ይስላል፤ ድኗል ብዬ አልዋሽዎትም። ለጥፋቱ ምስክር ካስፈለገዎ እኔ አለሁ፣ ቃሌንም በፈቃዴ እሰጣለሁ። ሊከሷት ሲመጡ ግን አደራዎን፣ ከገቡ በኋላ በሩን በሽማግሌው ላይ አይዝጉበት።