ነፋስ የማያስገባ ቤት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

ዛሬም እናቴ ጀመረችኝ። «መስኮትህ ነፋስ ያስገባል፤ አራሷን ብርድ ሊመታብህ ነው።» የእኔ መስኮት ነፋስ ሊያስገባ። ደባርቅ ላይ ከእኔ የተሻለ በር የሚገጥም አናጢ ካለ መጥቶ ያሳየኝ።

ሚስቴ ይታይሽ ከወለደች ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። ሴት ልጅ። ክፍሉ ግን አልሞቅ አለ። የመጀመሪያውን፣ ወንዱን፣ ዓምና በሃያ ሦስት ቀኑ ያጣነው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ተኝቶ ቀረ። ብርድ መታው አሉን። ክርስትና አልተነሳምና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበርሁት። ይህችኛዋ ሃያ ሦስት ቀን እስክታልፍ እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም።

ማክሰኞ

ጎንደር ሆቴል ስሠራ ያወቅኋት መሐንዲስ አለች፣ ሰብለ። የቤት ሙቀትና መብራት በየት በኩል እንደሚባክን የምትመረምር ናት። ደወልሁላት፤ ሐሙስ እመጣለሁ አለች። እናቴ «ቤት እንደ በሽተኛ መመርመር ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰብለ ፊት እንዳላፍር ብዬ ከጣሪያው ሥር የቀረችውን ክፍተት በጨርቅና በጭቃ ጠቀጠቅሁ። በመስኮቱ ዙሪያም ስፖንጅ ጨመርሁ። ሸጋ ሆነ።

ረቡዕ

እንደ ዓምናው ምድጃው ክፍሉ ውስጥ እንዲነድ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገባ። መብራት ጠዋት ሄዶ አልተመለሰም። ይታይሽን ራሷን አሟታል፤ ምግብም እንቢ አለች። «እባክህ መስኮቱን ትንሽ ክፈትልኝ» አለችኝ። አራስ ቤት መስኮት ይከፈታል እንዴ? ተቆጣኋት።

ሐሙስ



ሰብለ ጧፍ ለኮሰችና በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ አዞረችው። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። እናቴን ዞር ብዬ አየኋት፣ ኮራሁ።

«ማን ነው እንዲህ የገጠመው?»

«እኔ ነኝ።»

አላመሰገነችኝም። ከቦርሳዋ ትንሽ መሣሪያ አውጥታ ወደ ከሰሉ ምድጃ ስታስጠጋው ጮኸ። በሩን በርግዳ ምድጃውን ራሷ ወደ ውጭ አወጣችው። «አያ ምትኩ፣ ሙቀቱ የሚያመልጥህ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ነው። ክፍሉ ግን አየር የለውም። ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ከዚያ ያስተኛል። ጨቅላ ደግሞ አይችለውም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።»

ወሰድኋቸው። ኦክስጅን ሰጧቸው። ተርፈዋል፣ ተመስገን።

ስንመለስ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ልጄን ብርድ አልገደለውም። ማን ነው እንዲህ የገጠመው? እኔ ነኝ።

ዓርብ

ሰብለ ጽፋ የሰጠችኝ፦ ኮርኒስ ይመታ። ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ ይውጣ። ከሰል ክፍል ውስጥ አይገባም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሶኬቱ ሽቦ ሳይቀየር እንዳይሰካ።

ለኮርኒሱ ጊዜ ይፈልጋል። ቀዳዳውን ግን ዛሬውኑ በገዛ መሮዬ ስፈለፍል ዋልሁ። እናቴ አለቀሰች። «ምነው ልጄ፣ ይህችንም ለብርድ ልትሰጣት ነው?»  መሮውን አላቆምሁም።

ቅዳሜ

ሃያ ሦስተኛው ቀን።

ለይታይሽ ነገርኋት። ፊቷን ማየት አልቻልሁም። ልጅቱን ከጡቷ ሳታነሳ ሰማችኝ።

«በእሱም ጊዜ ራሴን አሞኝ ነበር» አለች። «መስኮቱን ክፈትልኝ ብዬህ ነበር። ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ያኔም እንደ ረቡዑ ነው የተቆጣኋት።

እሑድ

ሃያ አራት። ልጅቱ ደህና ናት። ነፋሱ በቀዳዳው ይገባል፣ እናቴ ጋቢ ላይ ጋቢ ትደርባለች።

ይታይሽ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ረፋዱ ላይ ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ «ያዛት» አለችኝና ልጅቱን ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ብርዱ እግሬን ያዘኝ። አልዘጋሁትም፤ ልጅቱ ስትተነፍስ እየሰማሁ ተቀመጥሁ።