መምህር ውብሸት ባዬና አይተው ያለፏቸው ሰባት ስሕተቶች
(1952 – 2018 ዓ.ም.)

መምህር ውብሸት ባዬ ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው ከአቶ ባዬ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች ይግዛው፣ ግንቦት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በጭልጋ አውራጃ በአይከል ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው በአይከልና በጎንደር ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ፤ በተወለዱበት አውራጃም የአማርኛ መምህር ሆነው ሥራ ጀመሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የምስክር ወረቀት የሚያስጽፉት በእሳቸው ነበር። ይህን ራሳቸው ደጋግመው ያወሩት ስለነበር ሳይነሣ ቢቀር ቅር ይላቸዋል።

በ1977 ዓ.ም. ጦርነቱና ድርቁ ሲበረታ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ። በገዳሪፍ አካባቢ በሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ለሰባት ዓመታት ያህል የስደተኛ ልጆችን አስተማሩ። እዚያው መጠለያ ውስጥ ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት ገብረሥላሴ ጋር በ1981 ዓ.ም. ጋብቻ ፈጽመው ይህን ታሪክ የጻፈችውን ለተብርሃንን፣ ቀጥሎም ምስጋናውን ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ካርቱም በመምጣት በአርካዊት ሰፈር ተቀመጡ፤ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤትም ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተማሩ። ዛሬ እዚህ ከቆምነው ብዙዎቻችን ስማችንን መጻፍ የቻልነው በእሳቸው ነው።

መምህር ውብሸት ለሥራቸው ቀናተኛ ነበሩ ቢባል እንዲህ ባለ ቀን የሚጠበቅ ምስጋና ነው። እሳቸው ግን በሰውም ይቀኑ ነበር። ሕመማቸው በበረታ ጊዜ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። የረሻን ነገር ከተውሽው ግን መቃብሬ አጠገብ ቆመሽ ውሸት ታነቢያለሽ» ስላሏት፣ ነገሩ እንደሆነው ቀርቧል።

በ2014 ዓ.ም. በውጭ አገር ላሉ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት የመምህራን ሥልጠናና የዲጂታል መማሪያ ድጋፍ ተፈቀደ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ለስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄዶ ይሠለጥናል፤ ሲመለስ ለትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተርና ሃያ ታብሌት ይሰጣል፤ የሠለጠነውም መምህር በሥዕልና በድምፅ የታገዘ የአማርኛ ትምህርት ያዘጋጃል። መምህር ውብሸት ዕድሉ የእሳቸው እንደሚሆን አልተጠራጠሩም። ለሁለት ወር ከትምህርት ቤት መልስ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ የስልክ ጥገና ሱቅ እየሄዱ፣ ለሰው ሳይናገሩ፣ በአንድ ጣት አማርኛ መተየብ ተለማመዱ። የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ።

የተመረጠችው ግን ረሻ አብደልሙንዒም ሆነች። ረሻ እናቷ ወይዘሮ ሙሚና የወሎ ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ ካላክላ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ያኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ኮምፒውተር ታውቃለች። አማርኛዋ ግን ከዐረብኛ ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ «እርስዎ» ማለት ስላልለመደች መምህር ውብሸትን በዐረብኛ «መምህር ሆይ» እንደማለት «ያ ኡስታዝ፣ አንተ» ትላቸዋለች። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሰማኸኝ ውሳኔውን ሲነግሯቸው «ቋንቋውን ከእርስዎ ትማራለች፤ ኮምፒውተሩን ግን እርስዎን ማን ያስተምርልናል?» አሏቸው። መምህር ውብሸት ተነሥተው ወጡ። ቤት ገብተው ለባለቤታቸው «አማርኛ በማትችል ልጅ አማርኛ ሊያስተምሩ ነው» አሉ። ረሻ ከሥልጠና ስትመለስ መምህራኑ ሁሉ ሊቀበሏት ሲወጡ እሳቸው ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሲያጠፉ ቆዩ።

ድጋፉ አንድ ደንብ ነበረው። የሚዘጋጀውን ትምህርት አንድ አንጋፋ የቋንቋ መምህር አንብቦ ካልፈረመበት ለተማሪ አይቀርብም። ረሻም የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች አትማ አመጣችላቸውና «ያ ኡስታዝ፣ ስሕተት ካለ ምታው፤ እኔ አልናደድም» አለቻቸው። መምህር ውብሸት ወረቀቱን ቤት ወስደው አነበቡ። ሰባት ስሕተት አገኙ። ረሻ «ጠ»ን ከ«ተ» አትለይም ነበርና «እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለናል» ለማለት «እንግዳ ሲመታ ደስ ይለናል» ብላ ጽፋለች። ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። መልሰው አስቀመጡት። ከታች «አንብቤዋለሁ፤ ትክክል ነው» ብለው በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው ፈረሙ።

ትምህርቱ በተመረቀበት ቀን ወላጆችና የክብር እንግዶች ባሉበት ያ ዓረፍተ ነገር በግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ወላጆቹ፤ በመጨረሻ እንግዶቹም ሳቁ። ለተብርሃንም እዚያ ነበረች፤ ስቃለችም። ረሻ የሚያስቀው ምን እንደሆነ አልገባትም። ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞራ «ያ ኡስታዝ፣ ምንድነው?» ስትል ጠየቀቻቸው። መምህር ውብሸት አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ረሻ ትምህርት ቤት አልመጣችም። በሳምንቱ አቶ ሰማኸኝ ታብሌቶቹን በካርቶን አስጭነው አርካዊት እቤታቸው ድረስ አመጡና «መምህር፣ እንግዲህ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለንም፤ ይረከቡን» አሏቸው። የተመኙት ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። አራት ቀን ሙሉ ካርቶኑን አልከፈቱትም። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት «የፈለግከው ይኼ አልነበረም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ልጅቱን አዋርጄ ነው ያገኘሁት» አሉና የሆነውን ነገሯቸው። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ኮታቸውን አምጥተው ሰጧቸው።

በተጨናነቀ ሀፍላ አውቶቡስ ተሳፍረው ካላክላ ወረዱ። ረሻን ከእናቷ ጋር አገኟት። ሳይቀመጡ «አይቼው ነበር» አሏት።

«የቱን?»

«እንግዳ የሚለውን።»

«እሱን ብቻ?»

«ሰባቱንም። ቀንቼብሽ ነው።»

ወይዘሮ ሙሚና ወንበር ሊያቀርቡላቸው ሲነሡ ልጃቸው «ተዪው እማ» ብላ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወደ መምህር ውብሸት ዞራ እንዲህ አለች፦ «አንተ ስትናገር ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ አፌን ስከፍት ይስቃል። ቤቴ መጥቼ መስታወት ፊት እንዳንተ ለመናገር እሞክር ነበር። እኔም ቀንቼብሃለሁ ያ ኡስታዝ። ግን ምንም አላደረግኩህም።» ቀጥላም «ለእኔ አይደለም የምትነግረው። የሳቁት ፊት ንገር። ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ሂድ» አለቻቸው።

መምህር ውብሸት በቀጣዩ ዓርብ የወላጆች ስብሰባ ጠርተው ተናገሩ። አንዳንድ ወላጆች ተቆጡ፤ ኮሚቴውም ከአራሚነት አነሣቸው። ሰላምታ የነፈጓቸውም ነበሩ። ረሻ ግን ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሌላ አራሚ ቢቀርብላት «አልፈልግም። ስሕተቴን አንድ በአንድ የሚያውቀው እሱ ነው» ብላ መልሳ አመጣቻቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ አርባ ስምንት ትምህርት አዘጋጁ። ሥዕሉንና ቅንብሩን እሷ ትሠራለች፤ ጽሑፉን እሳቸው ያርማሉ፣ በድምፃቸውም ያነባሉ። ቅናታቸው ግን አልለቀቃቸውም። የማን ስም ከላይ ይጻፍ በሚል ሁለት ጊዜ ተኳርፈዋል፤ ሁለት ጊዜም የረሻ ስም ከላይ ተጽፏል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ፕሮጀክተሩም ተዘረፈ። ረሻ ግን ትምህርቶቹን በስልክ ሚሞሪ እየገለበጠች ካርቱምን ለሚለቅ ቤተሰብ ሁሉ አደለች። የመምህር ውብሸት ቤተሰብ ሸሽቶ ገዳሪፍ በተከራየው ግቢ ሀጀራ የምትባል ጎረቤት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴት ልጆቿ በስልክ ሲማሩ መምህር ውብሸት የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። ምን እንደሆነ ቢጠይቋት «የኡስታዛ ረሻ ትምህርት ነው፤ ልጆቼን ከመሃይምነት ያተረፈች» አለቻቸው። «ድምፁስ?» ቢሏት፣ «እንጃ፣ የአንድ ሽማግሌ ነው» አለች። እሳቸው ወደ ቤት ገቡ። ራት አልበሉም። በማግስቱ ግን ልጆቹን ሰብስበው ከስልኩ ጎን ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ፤ እስከተመለሱበትም ቀን ድረስ አላቋረጡም።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ወደ ካርቱም ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የቆየው የኩላሊት ሕመማቸው ጠናባቸው። ረሻ ከካላክላ በየቀኑ እየተመላለሰች አልጋቸው አጠገብ አዲስ ትምህርት ታነብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ለእሷ ሲሆን ቀና ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ለተብርሃን «አባዬ፣ እኔ ስመጣ ግን ይተኛሉ» አለቻቸው። ፈገግ ብለው «እሱን ነገር ከእኔ ነው የወረስሽው፤ ቶሎ ጣይው» አሏት።

መምህር ውብሸት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ቀጥሎ የሚነበበው ትተዋቸው ስለሄዱት ቤተሰቦቻቸው ነው። እኔን ለተብርሃንን አባቴ «ልጆቼ ሦስት ናቸው ብለሽ ጻፊ» ብለውኝ ነበር። መጀመሪያ ስጽፈው ሁለት አልኩ። አስተካክዬ ስጽፈውም ሁለት አልኩ። ዛሬ ጠዋት ረሻ ልታሳትመው መጥታ እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ወረቀቱን አጥፋ «ያላ፣ እንሂድ፣ ማተሚያ ቤቱ ሳይሞላ» ብላ ተነሣች። ከእጇ ተቀብዬ እስክሪብቶ ፈለግኩ።

መምህር ውብሸት ባዬ የወይዘሮ ኪዳነምሕረት ገብረሥላሴ ባለቤት፣ የለተብርሃን፣ የምስጋናውና የረሻ አባት፣ የአራት ልጆችም አያት ነበሩ። ድካማቸውን ሁሉ ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለምናዝነው ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።